እያወቃችሁ ላልነገራችሁን

ለእንስሳት መድኃኒት አስመጪዎችና አከፋፋዮች፣ ለመኖ ማቀነባበሪያ ባለቤቶች፣ በካርቱምም ሆነ በአዲስ አበባ የቁጥጥር ወንበር ላይ ለተቀመጣችሁ፣ ባዮጋዝን ቀበሌ ለቀበሌ ይዛችሁ ለዞራችሁ፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ እናቴን ቀብሬ ነው። ከእናንተ መካከል አንዳችሁም እሷን ልትጎዱ አስባችሁ እንዳላደራችሁ አውቃለሁ። ክፋት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይቀለኝ ነበር። የእናንተ ግን ዝምታ ነው። ጠርሙሱን የሸጠው፣ መርፌውን የወጋው፣ ጉድጓዱን ያስቆፈረው፣ ፈቃዱን የፈረመው፣ ሁላችሁም አንድ ነገር ታውቁ ነበር፤ ለላም የተሰጠ መድኃኒት ላሟ ውስጥ አያልቅም። ብዙው በሽንቷና በእበቷ ተመልሶ ይወጣል። ይህን የሚያውቅ ሰው እበቱ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ነበረበት። እኛ ቤት እበቱ የሚሄደው ወደ ባዮጋዝ ጉድጓድ ነው፤ ከጉድጓዱ ወደ ሽንኩርት ማሳ፣ ከማሳው ወደ ማዕዳችን።

ትውልዴ ፎገራ ነው። በእንስሳት ጤና ዲፕሎማ ይዤ ሥራ ባጣ በመተማ አድርጌ ሱዳን ወረድኩ። ካርቱም ሱቅ ዐረቢ ውስጥ፣ ከወርቅ ሕንጻው ጀርባ ካለው መንገድ ዳር፣ ሻይና ቡና እያፈላሁ ኖርኩ። ማደሪያዬ እንደ ብዙው ሐበሻ ዴም ነበር። ቀኑን ሙሉ ከሰል ላይ አጎንብሼ ስውል ማታ የማስለው ጥቁር ነበር፤ ያን ጊዜ ሁሌ የምትታወሰኝ እናቴ ናት። እሷ በኩበትና በጭራሮ ጢስ ዐይኗ ሲያለቅስ ነው ያሳደገችን። ከሻይ ብርጭቆ ላይ የተረፈችኝን በሐዋላ እየላክሁ ባዮጋዝ ያስቆፈርኩላት ለዚህ ነው። ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ጉልላቱ በሲሚንቶ ተገንብቶ፣ ቧንቧው ማድ ቤት ገብቶ ሰማያዊው ነበልባል ሲበራ በስልክ እልል ብላ አሰማችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ሳል እንደ ቀለላት ደጋግማ ነግራኛለች።

ስለዚህ ባዮጋዝን ለመርገም አልመጣሁም። አምቦ እርሻ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው የባዮጋዝ ማብላያ ጉድጓድ ከተሠራ እ.ኤ.አ. ከ1957 ወዲህ ሐሳቡ አገራችን ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ሲጀመር በአምስት ዓመት 14 ሺህ ማብላያ ሊገነባ አቅዶ ነበር፤ ከ8 ሺህ ትንሽ የሚበልጥ ገነባ። አራት ከብት ያለው ቤተሰብ እንጨት ለቀማ ይገላገላል፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭ ማዳበሪያ ይሆናል ተባለ። ሁሉም እውነት ነው። በየስብሰባው የተቆጠረው ግን የጉድጓዱ ቁጥር ነው። የእበቱን ምንጭ፣ የላሟን የሕክምና ታሪክ፣ የመኖውን ይዘት የጠየቀ አልነበረም። እናቴ የተሰጣት ሥልጠና ላይ እበትና ውኃ እኩል ለእኩል ይደባለቅ፣ ገለባና አሸዋ አይግባ ተብላለች። መርፌ የተወጋች ላም እበት አይግባ ያላት የለም። መድኃኒት ማብላያን እንደሚጎዳ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ማብላያ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የሙያው ሀሁ ነው። ጋዙን የሚሠሩት ባክቴሪያዎችና መሰል ጥቃቅን ሕዋሳት ናቸው፤ ፀረ ባክቴሪያ ደግሞ የተሠራው ባክቴሪያ ለመግደል ነው።

ሱቅ ዐረቢ ስለ መኖ ብዙ አስተማረኝ። ከደንበኞቼ አንዱ ከሶባ ወዲያ ባለ የዶሮ እርባታ መኖ ቀላቃይ ነበር። ዓርብ ከስግደት በኋላ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ ነው የሚሄደው። እጁን ሲዘረጋ ጥፍሮቹ ሥር የቢጫ ዱቄት ደለል ይታያል፤ ታጥቦም አይለቅም። አንድ ቀን በእጁ የያዘውን የፕላስቲክ ከረጢት በርጩማው ላይ አስቀምጦ ከፈተልኝ። ሽታው የሚሰነፍጥ ደቃቅ ዱቄት ነው፤ በከረጢቱ ላይ ኦክሲቴትራሳይክሊን ይላል፤ ፀረ ባክቴሪያ ነው። ዶሮዎቹ ታመው እንደ ሆነ ስጠይቀው ሳቀ። ያልታመሙት እንዳይታመሙና ቶሎ እንዲወፍሩ ነው አለኝ። በአካፋ ከበቆሎው ጋር ያገላብጠዋል፤ ሚዛን የለም፤ አፉን የሚሸፍነው በራሱ ጥምጣም ጫፍ ነው። ፍጉን በሰማያዊ ዓባይ ዳር አትክልት የሚያለሙ ሰዎች በጭነት ይገዙታል። ሽንኩርቱ፣ ጀርጂሩ፣ ሰላጣው ተመልሶ ሱቅ ዐረቢ ይመጣል፤ እኔም እገዛው ነበር።

እሱን አልወቅስም። ይህ ልማድ ከእሱ እጅ አልተነሣም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ አሜሪካ ውስጥ የሌደርሌ መድኃኒት ኩባንያ ተመራማሪዎች፣ ጁክስና ስቶክስታድ፣ ኦሪዮማይሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ ከተመረተበት ዝቃጭ የተቀለበ ጫጩት ቶሎ እንደሚያድግ አዩ። ከዚያ ጀምሮ የሰው ነፍስ የሚያድነው መድኃኒት የመኖ ቅመም ሆነ። የአውሮፓ ኅብረት ለማደለቢያ የሚሰጥ ፀረ ባክቴሪያን ሙሉ በሙሉ ያስቆመው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ አሜሪካ ለሰው ሕክምና የሚያስፈልጉትን ለማደለቢያ መስጠት ያስቀረችው በ2017 ነው። እነሱ በራሳቸው በረት የከለከሉትን እናንተ በጆንያ አስገባችሁልን። ከረጢቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ በአማርኛ አልነበረም፤ ያ ሰው ማንበብ የሚችለው ዐረብኛም የማስጠንቀቂያ መስመር አልነበረውም።

የመኖ ቅመም የት ድረስ እንደሚሄድ ማየት የሚፈልግ እ.ኤ.አ. በ2007 ሳዑዲ ዐረቢያ የሆነውን ያስታውስ። በዋዲ አድ-ደዋሲር ግመሎች በሺዎች ሞቱ። ለዶሮ ኮክሲዲያ በሽታ የሚሰጠው ሳሊኖማይሲን መኖአቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። ዶሮን የሚጠብቀው ግመልንና ፈረስን ይገድላል። የዚሁ ቤተሰብ የሆነው ሞኔንሲን ለከብት ሲሰጥ ጨጓራ ውስጥ የሚቴን ጋዝ እንዲቀንስ ያደርጋል፤ የሚሸጠውም መኖ ስለሚቆጥብ ነው። እንግዲህ ጨጓራ ውስጥ ሚቴንን የሚቀንስ ነገር ሚቴን ለማምረት በተሠራ ጉድጓድ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አሜሪካ ነብራስካ ውስጥ የተሠራ ጥናት ሞኔንሲን የበሉ ከብቶች እበት ማብላያውን እንደሚያዳክም እ.ኤ.አ. በ1981 ጽፎታል። ብሔራዊው ፕሮግራም ጉድጓድ ማስቆፈር ከመጀመሩ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቀድሞ ማለት ነው። መዳብና ዚንክም መኖ ውስጥ ይጨመራሉ፤ እነሱ ደግሞ ብረታ ብረት ናቸውና በጉድጓድ ውስጥ አይበሰብሱም። ጋዙ ሲወጣ እነሱ ዝቃጩ ውስጥ ይቀራሉ፣ በየዓመቱም ማሳ ላይ ይደረባሉ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሣ ሱቅ ዐረቢ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ የተኩስ መስመር ሆነ። ጀበናዬን እንኳ ሳልይዝ በገዳሪፍ በጋላባት አድርጌ አገሬ ገባሁ። እናቴን ከዓመታት በኋላ ያገኘኋት ያን ጊዜ ነው፤ የላማችንንም እበት በዓይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ቡሬ የምትባለው ላማችን ግቷ አብጦ ወተቷ እንደ አይብ እየተቋጠረ ይወጣ ነበር። መርፌ የሚወጋ ሰው ተጠራ። ገበያ ላይ ከሰል ከሚሸጥበት አጠገብ መድኃኒት በፌስታል ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ ነው፤ የድንበር ዕቃ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ጠርሙሱን ተቀብዬ አየሁት፤ 20 በመቶ ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ ረጅም ጊዜ የሚቆየው ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው መድኃኒት ከተወጋ በኋላ ሥጋው እስኪበላ በብዙ ምርት ላይ አራት ሳምንት ገደማ መጠበቅ አለበት፤ ለወተቱም የራሱ ቀን አለው። ጠርሙሱ ላይ ልጣፉ ፀሐይ በልቶት ቀኑም መጠኑም አይነበብም። ሰውዬው በዓይኑ ለክቶ ወጋትና ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። እኔ ከመምጣቴ በፊት በዚያ ዓመት ስንት ጊዜ እንደተወጋች እናቴን ስጠይቃት «ባመመች ቁጥር ነዋ» አለችኝ። ለጥጃውም ሲያስቀምጠው፣ ለበሬውም ሲያነክሰው፣ ያው ጠርሙስ ነው።

ነበልባሉ ያን ሰሞን መድከም ጀምሮ ነበር። ምድጃው ይጫራል፣ ይንጣጣል፣ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ወጡ ሳይንተከተክ ይጠፋል። ከጉድጓዱ መውጫ የሚወጣው ዝቃጭ እንደ ቀድሞው ሽታ የሌለው ጥቁር አይደለም፤ አረንጓዴ ነው፣ አረፋ አለው፣ እንደ ቆየ ድፍድፍ ይኮመጥጣል። ያን ሽታ የተማረ ሰው ያውቀዋል፤ አሲዱን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች እየሠሩ አሲዱን ወደ ጋዝ የሚለውጡት ሕዋሳት ሞተዋል ወይም ደክመዋል ማለት ነው። ሊያይ የመጣው ባለሙያ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና ተጨማሪ እበት ጨምሩበት ብሎ ሄደ። እናቴ ጨመረች። የቡሬን እበት። በባዶ እጇ፣ በባዶ እግሯ፣ ማደባለቂያው ገንዳ ውስጥ ቆማ፣ ቋጠሮውን በጣቷ እየፈጨች። አልጮኽኩም አትበሉኝ፤ ጮኼ ነበር። ለላሚቱ ሌላ ቦታ አበጀሁ፣ እበቷን ለየሁ። እናቴ ግን ያስተማሯት ባለሙያዎች እንጂ እኔ አልነበርኩም፤ ቃላቸው ከቃሌ ይከብዳት ነበር። ሌት እየተነሣች የለየሁትን ትመልሰው ነበር፤ እበት ማባከን ኃጢአት ነው ትል ነበር።

እግሯን የወጋት የግራር እሾህ ነው። ማንም ገበሬ በዓመት ስንት ጊዜ የሚወጋው። በሦስተኛው ቀን ቁርጭምጭሚቷ አበጠ፤ ጤና ጣቢያው ኪኒን ሰጣት። አልሰማም። መንገድ የሚዘጋበት ዘመን ነው፤ ወደ ትልቁ ሆስፒታል እስክንደርስ እብጠቱ ጉልበቷን አልፎ ነበር። ከቁስሉ ፈሳሽ ተወሰደ። ከቀናት በኋላ ሐኪሙ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ሰጠኝ። የመድኃኒት ስም ከላይ ወደ ታች ተደርድሯል፤ በየስሙ ትይዩ አንድ ፊደል አለ። የሚሠራ ከሆነ «ኤስ»፣ ካልሠራ «አር»። ቴትራሳይክሊን አር። አምፒሲሊን አር። ኮትሪሞክሳዞል አር። ሴፍትሪያክሶን አር። ጣቴን ይዤ ወረድኩ። መጨረሻው አካባቢ አንድ «ኤስ» ነበረች፤ መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ አልነበረም። ውጭ ፋርማሲ ለፋርማሲ ስዞር ዋለሁ። ሲገኝ እናቴ ሰው መለየት አቁማ ነበር።

እዚህ ላይ አድምጡኝ፤ ያልሆነውን አልናገርም። ያ ባክቴሪያ ከእኛ ጉድጓድ ወጣ ብዬ አልምልም፤ ከዚያ ጉድጓድ ናሙና የወሰደ፣ ከእናቴ ቁስል ጋር ያስተያየ የለም። ከሐኪም ቤትም ሊመጣ ይችላል፣ ሰው ያለ ማዘዣ ከሚውጠው ኪኒንም ሊመጣ ይችላል። የምለው ይህን ነው፤ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ የሚፈለፈልበትን ቦታ ሆን ብሎ ልሥራ የሚል ሰው ቢኖር ከእናቴ ገንዳ የተሻለ አያገኝም ነበር። ትንሽ መድኃኒት፣ ብዙ ባክቴሪያ፣ ሙቀት፣ ጊዜ፤ ሁሉም አለ። ማብላያ ከመድኃኒቱ የተወሰነውን ይሰብረዋል፤ ሁሉንም አይሰብርም። መድኃኒቱ ቢሰበር እንኳ ባክቴሪያው የተማረው መቋቋም በዘሩ ላይ ተጽፎ ወደ ማሳ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በመላው ዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰው መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት ሞቷል፤ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ የከፋው ጉዳት የደረሰው ከሰሃራ በታች ባለችው አፍሪካ ነው። እናንተ ይህን ቁጥር በየአዳራሹ በስላይድ ታሳያላችሁ። ከስላይዱ ወርዶ ገንዳ አጠገብ የቆመ አላየሁም።

ሕግ አልነበረንም እንዳትሉኝ። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 አለ። ለዚሁ ሥራ ባለሥልጣን ተቋቁሞ ነበር፤ ዛሬ ኃላፊነቱ ወደ ኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ተሸጋግሯል። ማስረጃም አልጠፋም። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባ፣ ከደብረ ዘይትና ከናዝሬት ቄራዎች 384 የከብት ሥጋ ናሙና መርምሮ ከመቶ 71 ያህሉ ላይ ኦክሲቴትራሳይክሊን አግኝቷል። ሥጋው ላይ ይህን ያህል የተገኘ እበቱ ላይ ምን ያህል ይገኛል ብሎ ቀጥሎ የጠየቀ ማን ነው? ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ የአዲስ አበባ ወተት ላይ አፍላቶክሲን ተገኘ፤ ከተመረመሩት 110 ናሙናዎች ነጻ የሆነ አልነበረም፤ ጣቱ ወደ ኑግ ፋጉሎ ተቀሰረ። ያን ጊዜ ሰው ወተት መጠጣት ተወ፣ ገበሬው ወተቱን ደፋ፣ ስብሰባ ተጠራ። ከዚያ ሁሉም ወደ ነበረበት ተመለሰ። ሁለቱም ጊዜ ዓይናችሁ ያለው ከላሟ ፊት ነው፤ ወደ ኋላዋ የዞረ የለም።

በካርቱም ላላችሁም እላለሁ። ሠራዊቱ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 መሀል ከተማውን ከያዘ ወዲህ ሰዎች እየተመለሱ እንደሆነ፣ ሱቅ ዐረቢ ውስጥ ፍርስራሹ እየተጠረገ መደብሮች እየተከፈቱ እንደሆነ እሰማለሁ። ስለ እናንተ ሐዘንም ልቤ ይደማል፤ ስንት የማውቃቸው ፊቶች እዚያ ቀርተዋል። የሶባው የእንስሳት ምርምር ላቦራቶሪ ጦርነቱ ምን እንዳደረገው ታውቃላችሁ። ላቦራቶሪ በሌለበት ከተማ መጀመሪያ የሚደርሰው ጠርሙስና ከረጢት ነው። ዶሮ ቶሎ ይፈለጋል፣ ወተት ቶሎ ይፈለጋል፣ ጠያቂም የለም። የብሔራዊ የመድኃኒትና የመርዝ ቦርድ ኃላፊዎች ሆይ፣ ያን ዕቃ በፖርት ሱዳን ስታሳልፉ ከረጢቱ ገዳሪፍ ደርሶ እንደማይቆም ዕወቁ። ከዚያ ወዲያ መተማ አለ፤ ከመተማ ወዲያ እናቶቻችን አሉ።

እናንተ የባዮጋዝ ሰዎች፣ ከሁሉም በላይ የማዝነው በእናንተ ነው፤ ምክንያቱም ቤታችን የገባችሁት እናንተ ናችሁ። ጠላውን ጠጥታችኋል፣ እናቴን እማማ ብላችኋታል። ነጋዴው ትርፉን ነው የሚያየው፤ ከእሱ ብዙ አልጠብቅም ነበር። እናንተ ግን ጢስ ከዓይኗ ልታነሡ ነው የመጣችሁት። ዘጋቢ ፊልም ስትቀርጹ ምድጃው ፊት አስቁማችሁ አስፈገጋችኋት። ነበልባሉ ሲጠፋ ካሜራው አልተመለሰም።

አሁን የምፈልገው ይህ ነው። መጪው ክረምት ሳይገባ፣ ዝቃጩ ለመኸር ሽንኩርት ሳይበተን፣ ማብላያ ላለው ቤት ሁሉ ሰው ላኩ። በሚገባን አማርኛ ንገሩን፤ መርፌ የተወጋች ወይም ኪኒን የዋጠች ላም እበቷ መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ ለብቻው ይከማች፣ ወደ ጉድጓድ አይግባ፣ ከምንጭና ከጓሮ አትክልት ይራቅ። ገንዳውን የሚያደባልቅ ሰው ጓንትና ቦት ጫማ ይኑረው፤ ዋጋውን ከግንባታው በጀት ጋር ደምሩት። አስመጪዎች፣ የመጠበቂያውን ቀን ገበሬ በሚያነበው ቋንቋ ጠርሙሱ ላይ በጉልህ ጻፉት፤ ፀሐይ የማይበላው ልጣፍ አለ። መኖ ቀላቃዮች፣ ጆንያው ውስጥ የጨመራችሁትን ሁሉ ጆንያው ላይ ጻፉ። ባለሥልጣናት፣ ከየወረዳው ጥቂት ማብላያ መርጣችሁ ዝቃጩን አስመርምሩ፣ የተገኘውንም ለባለቤቶቹ ንገሯቸው፤ በመጽሔት አሳትማችሁ እንዳትተዉት።

የእናቴ ጉድጓድ እስካሁን አለ። ክዳኑን ዘግቼዋለሁ፣ ዝቃጩን አላወጣሁትም፤ ወደ ማሳዬ ልበትነው አልችልም፣ ወደ ጎረቤቴም ልገፋው አልችልም። ናሙና መውሰድ የሚፈልግ ላቦራቶሪ ካለ በሩ ክፍት ነው። ከወረታ ወደ ውስጥ በሞተር አንድ ሰዓት አይሞላም፤ እኔ ራሴ እቀዳላችኋለሁ።